የምርኮኛይቱ ጉዳይ፤ ሥልጣንና ትውፊት በአይሁድ ሕግ

በ16ኛው መቶ ዓመት በካይሮ ይኖር ለነበረው የአይሁድ የሕግ ሊቅ፣ ለረቢ ዳዊት ኢብን ዚምራ፣ አንድ ጥያቄ ቀረበለት። ጥያቄው ከሐበሻ ምድር ተማርካ ከሁለት ልጆቿ ጋር ግብፅ ስለገባች አንዲት ሴት ነበር። ሴቲቱን አንድ አይሁዳዊ ገንዘብ ከፍሎ ገዝቷታል። ማንነቷን በጠየቋት ጊዜ ባል የነበራት መሆኑን፣ ሁለቱም ልጆች ከእርሱ መወለዳቸውን፣ ጠላት በሀገራቸው ላይ ወርዶ በጸሎት ቤት የነበሩትን ወንዶች ሁሉ ገድሎ ሴቶችንና ሕፃናትን እንደ ማረከ ተናገረች። ነገሩ ሲጣራም ከእስራኤል ዘር፣ በኩሽ ተራሮች ከሚኖሩት ከነገደ ዳን ወገን ናት ተባለ። ከዚያ በኋላ የገዛት ሰው ደረሰባትና ወንድ ልጅ ወለደችለት። ልጁ አደገ፤ ለአቅመ አዳም ደረሰ፤ ከማኅበሩ ሴት ልጅ ሊያገባ ፈለገ። ይቻለዋልን? ጥያቄው ይህ ነበር።

የገዛት ሰው በመጽሐፉ ውስጥ ሮቤል ተብሏል። ይህ ግን ትክክለኛ ስሙ አይደለም፤ የአይሁድ የሕግ ሊቃውንት የባለጉዳዮችን ስም ሰውረው ሮቤል፣ ስምዖን እያሉ መጻፍ የቆየ ልማዳቸው ነው፤ እገሌ እንደ ማለት ነው። ሴቲቱ ግን ሮቤል የሚያህል የውሰት ስም እንኳ አልደረሳት። ከሐበሻ የመጣች ሴት ተብላ ብቻ ተመዘገበች። ሆኖም ስም ያልተሰጣት ይህች ምርኮኛ ከአራት መቶ ዓመታት በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ዕድል የሚወስን ጉዳይ ባለቤት ሆናለች። ይህ እንዴት ሊሆን እንደቻለ ለመረዳት፣ አስቀድሞ በአይሁድ ሕግ ውስጥ የመፍረድ ሥልጣን ከየት እንደሚመነጭና ትውፊት ምን ያህል እጅ እንደሚጭንበት መመርመር ያሻል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

እንደሚታወቀው የሮም ጦር በ70 ዓ.ም. ኢየሩሳሌምን ደምስሶ ቤተ መቅደሱን አቃጠለ። በዚያን ዕለት የተቃጠለው ሕንጻ ብቻ አልነበረም። መሥዋዕት የሚያቀርበው ካህን፣ ፍርድ የሚሰጠው ታላቅ ሸንጎ፣ በዓል የሚያከብረው ተሳላሚ ሁሉ መቆሚያ አጣ። ሕዝቡ የቀረው ነገር ቢኖር መጽሐፉና መጽሐፉን የሚተረጉሙ መምህራን ነበሩ። እነዚህ መምህራን በሜዲትራኒያን ባሕር አቅራቢያ በምትገኘው በያቭኔ በዮሐናን ወልደ ዘካይ መሪነት ጉባኤ ዘረጉ። ከካህኑ እጅ የወጣው ሥልጣን በመምህሩ እጅ የገባው እዚያ ነው። ይሁን እንጂ መምህራን ብዙ ናቸው፤ ሐሳባቸውም የተለያየ ነው። ሁለት ሊቃውንት ሲለያዩ ማን ይሰማ? ብዙኃኑ ወይስ የበለጠ የሚያውቀው?

ታልሙድ ለዚህ ጥያቄ መልሱን የሚሰጠው በድንጋጌ ሳይሆን በታሪክ ነው፤ ታሪኩም ለመድረክ የተጻፈ ነው ቢባል የሚያስገርም አይደለም። የክርክሩ መነሻ አንድ የሸክላ ምድጃ ነበር። ምድጃው ተቆራርጦ በየክፋዩ መካከል አሸዋ ገብቶበታል። ረቢ ኤሊዔዘር ወልደ ሂርቃኖስ እንዲህ ያለው ዕቃ እንደ ሙሉ ዕቃ ስለማይቆጠር አይረክስም አለ። የቀሩት ሊቃውንት ሁሉ ይረክሳል አሉ። ምድጃው የአኽናይ ምድጃ ይባላል። አኽናይ እባብ ማለት ነው፤ ሊቃውንቱ ነገሩን እንደ እባብ ጠምጥመው ከበቡት ለማለት ነው። ኤሊዔዘር ያለውን ማስረጃ ሁሉ አቀረበ፤ የሚቀበለው ግን አጣ። ያን ጊዜ ወደ ተአምር ዞረ። ሕጉ እንደ እኔ ከሆነ ይህ የሐሩብ ዛፍ ያስረዳ አለ፤ ዛፉ ተነቅሎ መቶ ክንድ ርቆ ሄደ። ከዛፍ ማስረጃ አይወሰድም አሉት። ወንዙ ያስረዳ አለ፤ ውሃው ወደ ኋላው ፈሰሰ። ይህንንም አልተቀበሉትም። የጉባኤ ቤቱ ግድግዳዎች ያስረዱ አለ፤ ግድግዳዎቹ ሊወድቁ ዘመሙ። ረቢ ኢያሱ ወልደ ሐናንያ ብድግ ብሎ ግድግዳዎቹን ገሠጻቸው፤ ሊቃውንት በሕግ ሲከራከሩ እናንተ ምን አገባችሁ አላቸው። ግድግዳዎቹም ለኢያሱ ክብር ሲሉ አልወደቁም፤ ለኤሊዔዘር ክብር ሲሉ ደግሞ አልተቃኑም፤ እንደ ዘመሙ ቀሩ።

በመጨረሻ ከሰማይ ድምፅ መጥቶ ሕጉ በየትኛውም ስፍራ እንደ ኤሊዔዘር ነው ሲል መሰከረ። ኢያሱ ግን አልተበገረም። ከኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 30 ቃል አንሥቶ ሕጉ አንድ ጊዜ ለሰው ልጅ ተሰጥቷልና ከእንግዲህ የሰማይን ድምፅ አንሰማም፤ የብዙኃኑን ፍርድ እንከተላለን አለ። እዚህ ላይ አንባቢ አንድ ነገር ልብ ይሏል። ብዙኃንን ስለ መከተል ከኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 23 የተጠቀሰው ቃል በነበረበት ስፍራ ሲነበብ በክፉ ነገር ብዙኃንን እንዳንከተል የሚያስጠነቅቅ ነው። ሊቃውንቱ ከማስጠንቀቂያው ጅራት ላይ ቆርጠው ለብዙኃን ድምፅ መሠረት አደረጉት። ትርጓሜ በሥልጣን እጅ ሲገባ የሚሠራውን ሥራ ከዚህ የበለጠ የሚያሳይ ምሳሌ አይገኝም። ታልሙዱ በዚህ አያበቃም፤ ነቢዩ ኤልያስ በዚያች ሰዓት ፈጣሪ በልጆቹ መሸነፉን እየተናገረ ፈገግ ማለቱን ለአንድ ሊቅ እንደ ነገረው ይተርካል።

ብዙዎች ታሪኩን ሲጠቅሱ እዚህ ላይ ያቆሙታል። ፈጣሪ ፈገግ ካለ በኋላ መጋረጃው ቢዘጋ ያምራልና ነው። መጋረጃው ግን አልተዘጋም። በዚያኑ ዕለት ኤሊዔዘር ንጹሕ ነው ብሎ የፈረደበት ዕቃ ሁሉ ተሰብስቦ በእሳት ተቃጠለ፤ እርሱም በጉባኤው ተወገዘ። መርዶውን ማን ይንገረው በተባለ ጊዜ ረቢ አቂባ፣ ሰውዬው በኀዘን ዓለሙን እንዳያጠፋ ብሎ፣ ጥቁር ለብሶ ሄደ፤ ከፊቱም አራት ክንድ ርቆ ተቀመጠ። ኤሊዔዘር የተቀመጠበትን ርቀት ባየ ጊዜ ነገሩ ገባው። ጫማውን አውልቆ መሬት ተቀመጠና አለቀሰ። ከወይራው ሢሶ፣ ከስንዴው ሢሶ፣ ከገብሱ ሢሶ ተመታ ይላል ትረካው። ውግዘቱን ያዘዘው የጉባኤው አለቃ ረባን ገማልያል በመርከብ ላይ ሳለ ማዕበል ሊውጠው ተነሣበት፤ ይህን ያደረግሁት ለራሴ ክብር ሳይሆን በሕዝቡ መካከል ክፍፍል እንዳይበዛ ነው ብሎ ባሕሩን አረጋጋ። የኤሊዔዘር ሚስት እማ ሻሎም የገማልያል እኅት ነበረች። ባሏ በጸሎት ወቅት በግንባሩ ተደፍቶ ልቡን እንዳያፈስ ዘወትር ትጠብቀው ነበር። አንድ ቀን ድኻ በር ላይ ቆሞ ዳቦ ልትሰጠው ስትወጣ ባሏን ተደፍቶ አገኘችው። ተነሥ፣ ወንድሜን ገደልኸው አለችው። ወዲያው ከገማልያል ቤት የሞት መለከት ተሰማ።

የዚህ ትረካ ጸሐፊዎች በብዙኃን ፍርድ የሚያምኑ ሰዎች ናቸው። ቢሆንም የብዙኃኑ ፍርድ የተገዛበትን ዋጋ ለመሰወር አልፈለጉም። ስለ ሕግ አንድነት ሲባል አንድ እውነተኛ ሊቅ ተሰብሯል፤ ያንን በማዕበልና በእንባ ጻፉት። በሌላ ስፍራ ደግሞ የአለቃው ሥልጣን ራሱ እንዴት እንደ ተገራ ይነግሩናል። ገማልያል የወር መባቻን በመቁጠር ከኢያሱ ጋር በተለያየ ጊዜ፣ ኢያሱ በራሱ አቆጣጠር የማስተስረያ ቀን በሚሆንበት ዕለት በትሩንና ገንዘቡን ይዞ ወደ እርሱ እንዲመጣ አዘዘው። በዚያ ዕለት በትርና ገንዘብ መያዝ ነውር ነው። ኢያሱ ግን ታዝዞ ሄደ። ገማልያልም ከመቀመጫው ተነሥቶ ሳመው። በሌላ ጊዜ ስለ ማታ ጸሎት በተነሣ ክርክር ገማልያል ኢያሱን በጉባኤ ፊት አቁሞ ማስተማሩን ቀጠለ። ጉባኤተኛው አጉረመረመ፤ ማጉረምረሙም ወደ ዐመፅ ተለወጠና አለቃውን ከወንበሩ አወረዱት። በምትኩ ወጣቱን ኤልዓዛር ወልደ ዓዛርያን ሾሙ። የበር ጠባቂው ተነሣ፤ ገማልያል አይገቡም ያላቸው ደቀ መዛሙርት ገቡ፤ በመቶ የሚቆጠሩ አግዳሚ ወንበሮችም ተጨመሩ። ገማልያል ይቅርታ ሊጠይቅ ወደ ኢያሱ ቤት በሄደ ጊዜ ግድግዳው በጥላሸት ጠቁሮ አየ፤ ከሰል ሠሪ ኖረሃል ለካ አለው። ኢያሱም አንተ የምትመራው ትውልድ ወዮለት፤ ሊቃውንቱ በምን እንደሚኖሩ አታውቅም ሲል መለሰለት። አለቃ የሆነ ሁሉ ይህችን ጥቁር ግድግዳ ቢያስባት መልካም ነው።

በ200 ዓ.ም. ገደማ ይሁዳ አለቃ የተባለው መሪ የቃል ትምህርቱን ሰብስቦ ሚሽና የተባለውን መጽሐፍ ባጠናቀረ ጊዜ የተሸናፊዎቹን ሐሳብ አልጣለውም። የሻማይ ወገኖች በሂሌል ወገኖች በድምፅ ቢሸነፉም ሐሳባቸው ጎን ለጎን ተጽፏል። ለምን ተጻፈ ብሎ መጽሐፉ ራሱ ይጠይቃል። የሚሰጠውም ምክንያት በኋላ የሚነሣ ሸንጎ የብቸኛውን ሰው ቃል አይቶ ሊደገፍበት ይችላል የሚል ነው። አንድምታን የሚያውቅ ኢትዮጵያዊ አንባቢ፣ አንዱ ሊቅ ይህን አለ፣ አንድም እንዲህ ነው እየተባለ የሚወርደውን የትርጓሜ ስልት አስታውሶ የታልሙድን ገጽ ቢገልጥ ባዕድ አይሆንበትም። ልዩነቱ በአይሁድ ዘንድ ከብዙዎቹ አንድምታዎች መካከል አንዱ ተመርጦ ሰው ሊጋባበት፣ ሊወርስበት፣ ሊቀጣበት የሚገባ መሆኑ ነው።

ትውፊት እጅ እግር ያስራል ሲባል ሁልጊዜ እውነት አይደለም። ኦሪት በየሰባተኛው ዓመት ዕዳ ሁሉ ይሰረዝ ትላለች። ሐሳቡ ለድኻው ማዘን ነበር። ይሁን እንጂ ሰባተኛው ዓመት ሲቃረብ ባለጸጎች ማበደር አቆሙ፤ ለድኻው የወጣው ሕግ ድኻውን አስራበ። ሂሌል ይህን አይቶ ፕሮዝቡል የተባለውን ሰነድ ሠራ፤ አበዳሪው ዕዳውን በሸንጎ እጅ ሲያስቀምጠው አይሰረዝም። የኦሪት ቃል ሳይነካ ሥራው ተለወጠ። ሕጉን ያጎበጠው የኑሮ ግዴታ መሆኑን መምህራኑ ራሳቸው አልካዱም።

ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ዘመን የመጻሕፍት ዘመን ነው። ታላቅ ሸንጎ ስለሌለ ሕዝቡም በዓለም ስለ ተበተነ፣ ሥልጣን ከጉባኤ ወደ መጽሐፍና ወደ ታላላቅ ሊቃውንት መልስ ተሸጋገረ። ከየአገሩ ጥያቄ በደብዳቤ ይላካል፤ ሊቁ ይመልሳል፤ መልሱ ይሰበሰባል፤ ከመቶ ዓመት በኋላ ሌላ ሊቅ ይጠቅሰዋል። ሹመት የሚሰጥ መንግሥት የለም፤ ሊቁን ሊቅ የሚያሰኘው ሌሎች መጠየቃቸው ነው። በግብፅ ይኖር የነበረው ሙሴ ወልደ ማይሞን በ12ኛው መቶ ዓመት ሕጉን ሁሉ በ14 መጻሕፍት ሲያጠናቅር የሊቃውንቱን ስምና ክርክር ትቶ ፍርዱን ብቻ ጻፈ። በፕሮቫንስ የነበረው ረቢ አብርሃም ወልደ ዳዊት በዚህ ተቆጣ፤ ማን እንዳለው ካላወቅሁ የሱን ቃል ለምን እቀበላለሁ ነው ነገሩ። በ1565 በቬኒስ የታተመው የዮሴፍ ካሮ መጽሐፍ ሹልሐን አሩኽ፣ ማለት የተዘጋጀ ማዕድ፣ ተባለ። ካሮ በገሊላ በጽፋት የኖረ ከስፔን የተሰደደ ሰው ነው፤ ከሦስት ታላላቅ ሊቃውንት ሁለቱ የተስማሙበትን ይይዝ ነበር። በፖላንድ ክራኮቭ የነበረው ሙሴ ኢሰርልስ ግን ማዕዱ የእኛን የሰሜኖቹን ልማድ አይመለከትም ብሎ በላዩ የራሱን ማስታወሻ ጨመረ፤ ስሙንም የማዕድ ልብስ አለው። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ ማዕዱና ጨርቁ አብረው ይታተማሉ። የምሥራቅ አይሁድ በማዕዱ፣ የአውሮፓ አይሁድ በጨርቁ ይፈርዳሉ። ይህ ልዩነት የኋላ ኋላ በምርኮኛይቱ ወገኖች ላይ ምን እንዳስከተለ እናያለን።

ወደ ካይሮ እንመለስ። ዳዊት ኢብን ዚምራ በልጅነቱ በ1492 ከስፔን ከተባረሩት አንዱ ነው። ስደትን ያውቃል። በካይሮ ለ40 ዓመት ያህል ከፈረደ በኋላ ወደ ምድረ እስራኤል ሄዶ በ1573 በጽፋት ሞተ። ስለ ሐበሻ አይሁድ ከእርሱ አስቀድሞ የነበረው ዜና በተረት የተሸፈነ ነበር። በ9ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ኤልዳድ የተባለ፣ ከነገደ ዳን ነኝ የሚል መንገደኛ በሰሜን አፍሪካ በቃይራዋን ከተማ ብቅ ብሎ ከኩሽ ወንዞች ማዶ ስላለ የአይሁድ መንግሥት ተናግሮ ነበር። የእርድ ሥርዐቱ ከእነርሱ የተለየ በመሆኑ የቃይራዋን ሰዎች ተጠራጥረው ወደ ባቢሎን ሊቅ ላኩ፤ ሊቁም ልዩነቱ አያስደንቃችሁ ብሎ መለሰላቸው። ኢብን ዚምራ ይህን ትውፊት ተቀብሏል። በዚያ ላይ በዘመኑ የነበረውን ነገር ይጨምርበታል፤ በኩሽ ምድር እስላሞች፣ ክርስቲያኖችና ከነገደ ዳን የሆኑ እስራኤላውያን የየራሳቸው ነገሥታት አሏቸው፤ ጦርነትም አይለያቸውም ይላል።

ፍርዱ ሁለት ስለት አለው። ከሐበሻ የሚመጡ ምርኮኞችን ስለ መዋጀት በሌላ ጊዜ በሰጠው መልስ፣ ያለ ጥርጥር ከነገደ ዳን ናቸው፤ የቃል ሕጉን የማያውቁት ንቀው ሳይሆን የሚያስተምራቸው ሊቅ አጥተው ነው፤ በባዕድ እጅ እንዳደገ ሕፃን ይቆጠራሉ፤ ጥርጥር እንኳ ቢኖር መዋጀት ግዴታ ነው ብሏል። ይህ በር የሚከፍት ቃል ነው። ስለ ሴቲቱ ልጅ ግን ቃሉ ጠጠረ። ሴት በሰላም ዘመን ባሌ ሞተ ብትል ትታመናለች፤ በጦርነት ግን ሳታይ ሞቷል ብላ ልትገምት ትችላለችና ብቻዋን አትታመንም፤ ይህ የጥንት ደንብ ነው። እንግዲህ ባሏ ሕያው ሊሆን ይችላል፤ ከሆነ ከሌላ የወለደችው ልጅ በኦሪት ቃል ዲቃላ ነው፤ ዲቃላም በማኅበሩ ውስጥ አያገባም። ሊቁ በዚህ አላቆመም። የእነዚህ ሰዎች ጋብቻ ጋብቻ ነው፤ ፍቺያቸው ግን እንደ ሊቃውንቱ ሥርዐት ስላልሆነ ፍቺ አይባልም አለ። እንዲህ ከሆነ ተፋታ ተብሎ ሌላ ያገባ ሁሉ፣ የልጅ ልጁም ሳይቀር፣ በጥርጣሬ ውስጥ ገባ። በአንድ እጁ ወንድሞቻችን ናቸው ያለው ሊቅ በሌላ እጁ አታግቧቸው አለ። ሁለቱም መልሶች ታትመው ተቀመጡ።

ከሐበሻ ተራሮች ወዲህ ያሉት ሰዎች ስለዚህ ሁሉ የሚያውቁት አልነበረም። በጎንደር፣ በስሜን፣ በወገራ፣ በትግራይ የነበሩት ቤተ እስራኤል (ጎረቤቶቻቸው ፈላሻ የሚሏቸው፣ እነርሱ ግን የማይወዱት ስም ነው) የራሳቸው ሥልጣንና የራሳቸው ትውፊት ነበራቸው። ኦሪትን በግዕዝ ያነባሉ፤ ኩፋሌን ያከብራሉ፤ ሰንበትን አጥብቀው ይጠብቃሉ። ቄሶችና መነኮሳት ነበሯቸው። ሌላው አይሁድ በ70 ዓ.ም. የተወውን መሥዋዕት እነርሱ ለፋሲካ እስከ ቅርብ ዘመን ያርዱ ነበር። ሴት ስትወልድ ለወንድ 40፣ ለሴት 80 ቀን ከመንደሩ በተለየ ጎጆ ትቀመጣለች፤ ልክ ኦሪት ዘሌዋውያን እንዳዘዘው። ጋብቻ ሲፈጸም እስከ ሰባት ቤት ይቈጠራል። ዘሩን እስከ ሰባት ቤት ቈጥሮ የሚጋባ ሕዝብ የዘሩ ጥራት በሌላ አገር ሊቃውንት እንደሚጠየቅ ቢነገረው ምን ይል ነበር?

በ1864 በጀርመን ረቢ አዝርኤል ሂልደስሃይመር እነዚህን ወገኖች እንርዳ የሚል ጥሪ አወጣ። ከ1904 ጀምሮ ዣክ ፋይትሎቪች ኢትዮጵያ እየተመላለሰ ትምህርት ቤት ለመክፈትና የዓለምን አይሁድ ለማስተባበር ደከመ። በ1921 ረቢ አብርሃም ይስሐቅ ኩክ እንዲታደጓቸው ጠየቀ። የእስራኤል መንግሥት በ1948 ከተመሠረተ በኋላ ግን፣ ማንኛውም አይሁዳዊ ገብቶ ዜጋ እንዲሆን የሚፈቅደው የ1950 ሕግ እነርሱን ይመለከታል ወይስ አይመለከትም የሚለው ነገር ለሩብ መቶ ዓመት ተንጠልጥሎ ቆየ።

ቋጠሮውን በ1973 የፈታው የምሥራቅ አይሁድ ዋና ረቢ የነበረው ኦቫድያ ዮሴፍ ነው። ኦቫድያ በ1920 በባግዳድ ተወልዶ በኢየሩሳሌም ያደገ፣ የዮሴፍ ካሮን ማዕድ ወደ ቀድሞ ክብሩ እመልሳለሁ ብሎ የተነሣ ሰው ነበር። ከ1947 ጀምሮም ለጥቂት ዓመታት ኢብን ዚምራ በተቀመጠባት በካይሮ የአይሁድን የሃይማኖት ሸንጎ መርቷል። እንዲህ ላለው ሰው ኢብን ዚምራ ሩቅ ስም አይደለም፤ ቀድሞት በዚያው ከተማ የፈረደ ታላቅ አባት ነው። የካይሮው ሊቅ ያለ ጥርጥር ብሏል፤ የእርሱ ደቀ መዝሙር ያዕቆብ ካስትሮም ተከትሎታል፤ ስለዚህ ቤተ እስራኤል አይሁድ ናቸው፤ ሊታደጓቸው ይገባል ብሎ ወሰነ። የዘመናችን የታሪክ ተመራማሪዎች የነገደ ዳንን ነገር ይጠራጠሩታል፤ ብዙዎቹ የቤተ እስራኤልን አመጣጥ እዚያው በኢትዮጵያ ምድር በተደረገ ረጅም የታሪክ ሂደት ውስጥ ይፈልጋሉ። ለኦቫድያ ግን የተመራማሪ ግምት የሊቅን ቃል አያፈርስም። እንግዲህ ነጻ የሚያወጣው ፍርድ የተገኘው ትውፊትን በመጣል ሳይሆን ትውፊትን ከተመራማሪውም በላይ አጥብቆ በመያዝ ነው። በ1975 የእስራኤል መንግሥት የመግቢያው ሕግ ቤተ እስራኤልን እንደሚመለከት ወሰነ።

በሱዳን በረሃ በኩል በእግራቸው የወጡት፣ በሺህ የሚቆጠሩትም በመንገድና በመጠለያ የሞቱባቸው ሰዎች በ1984 መጨረሻና በ1985 መጀመሪያ በአውሮፕላን ተጓጓዙ። ኢየሩሳሌም ስንገባ አለቀ ያሉት ነገር ግን አላለቀም። የእስራኤል ዋና ረቢዎች ጽሕፈት ቤት ለማግባት የሚሹ ሁሉ አስቀድመው በውሃ ጠልቀው እንዲወጡና ሕጉን እንደ አዲስ እንዲቀበሉ አዘዘ። በመጀመሪያ ላይ ወንዶች ለምልክት ያህል የደም ጠብታ እንዲሰጡ ይጠየቁ ነበር፤ ይህ በኋላ ቀረ። ምክንያቱ ያው የኢብን ዚምራ ሁለተኛ ስለት ነው። በዘር መካከል ባዕድ ገብቶ ሊሆን ይችላል፤ ፍቺያቸውም አጠራጣሪ ነው ተባለ። ካራውያን የተባሉትን፣ የቃል ሕጉን የማይቀበሉ አይሁድ፣ በዚሁ በፍቺ ምክንያት አታግቡ ብሎ የጻፈው ኢሰርልስ ነበር፤ የአውሮፓ ወገን ሊቃውንት በዚያ መንገድ መሄዳቸው አያስደንቅም። በአሜሪካ የነበረው ታላቁ ረቢ ሙሴ ፋይንስታይን በ1984 ከጥርጥር ለመውጣት ሥርዐቱ ይፈጸም ብሎ ሲጽፍ፣ በቆዳቸው ጥቁረት ምክንያት የሚያርቋቸው ሰዎች መኖራቸው እንዳሳዘነውም አልሸሸገም። የእምነት ሥርዐቱና የቆዳው ነገር በአንድ ደብዳቤ ላይ መገናኘታቸው ብዙ ይናገራል።

ሊቃውንቱ ይህ ቀላል ነገር ነው፤ ጥርጥርን ለማስወገድ ብቻ ነው ይሉ ነበር። በሕግ መጽሐፍ ውስጥ በእርግጥም ቀላል ነው። በአማርኛና በትግርኛ በሚያስብ ሰው ጆሮ ግን ውሃ ውስጥ ገብቶ አዲስ ሰው ሆኖ መውጣት አንድ ስም ብቻ አለው፤ ጥምቀት ነው። የቤተ እስራኤል አባቶች በየዘመኑ ነገሥታት ተጠመቁ ሲባሉ ርስታቸውን አጥተው፣ ተሰደው፣ ሞተውም እምቢ ያሉት ይህንኑ ነው። አሁን በናፈቋት ከተማ፣ በገዛ ወንድሞቻቸው ተጠመቁ ተባሉ። በ1985 መስከረም በዓላቱ ሲቃረቡ በኢየሩሳሌም ከዋና ረቢዎች መሥሪያ ቤት ፊት ለፊት ተቀምጠው አድማ መቱ። ሽማግሌዎች ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ እናቶች ሕፃናት ይዘው አንድ ወር ያህል እዚያው ውለው አደሩ። አድማው በጠቅላይ ሚኒስትር ሺሞን ፔሬስ አሸማጋይነት ተበተነ፤ የውሃው ጥያቄ ግን ለብዙዎች አልተነሣም። በዚህ መካከል የናታንያ ከተማ ረቢ ዳዊት ሼሉሽ በኦቫድያ ፍርድ ተደግፎ ያለ ምንም ሥርዐት ያጋባቸው ስለ ነበር፣ ከየከተማው የሚጋቡ ወደ እርሱ ይሄዱ ጀመር። የአንድ ሊቅ ቃል በጽሕፈት ቤት ትእዛዝ ፊት ቆሞ የሚሠራበት ጊዜ እንዳለ ይህ ያሳያል፤ የብቸኛው ሰው ሐሳብ በሚሽና ውስጥ የተጻፈው ለዚህ ዓይነቱ ቀን ይመስላል።

በግንቦት 1991 ከ14 ሺህ በላይ ሰዎች ከአዲስ አበባ በአንድ ቀን ተኩል ተጓጓዙ። በ2008 የእስራኤል ምክር ቤት ሰግድን ብሔራዊ በዓል አደረገው፤ በኅዳር ወር በጎንደር ተራራ ላይ በጾም ይከበር የነበረው በዓል አሁን በኢየሩሳሌም ይከበራል። ዋና ረቢዎች ምክር ቤት የኦቫድያን የ1973 ፍርድ ተቀብሎ ማጽደቁ የተነገረው በ2020 መጀመሪያ ነው። ኦቫድያ ከሞተ ስድስት ዓመት አልፎት ነበር፤ በ1985 አድማ ላይ የተቀመጡት ወጣቶችም አያቶች ሆነዋል።

የቄሶቹ ነገር ግን ሌላ ነው። በጎንደር መንደሮች ያጋቡ፣ ያፋቱ፣ ያስታረቁ፣ የቀበሩ ሰዎች በአዲሲቱ ምድር የማጋባት ሥልጣን አጡ። ሕዝቡ አይሁድ ነው ተብሎ ሲፈረድ ሕዝቡን አይሁድ አድርገው ያቆዩት መምህራን ከወንበራቸው ወረዱ፤ እንደ ገማልያል አጥፍተው ሳይሆን የሌላ ጉባኤ ደቀ መዛሙርት ስላልነበሩ። ወጣቶቹ ወደ ረቢዎች ትምህርት ቤት ገቡ፤ ከመካከላቸው ተምሮ ረቢ የሆነው ሻሮን ሻሎም ከሲና እስከ ኢትዮጵያ የተባለ የሕግ መጽሐፍ ጻፈ። በመጽሐፉ ውስጥ የቤተ እስራኤል ልማድና የረቢዎቹ ሕግ በየርእሱ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል፤ ሰንበት፣ በዓላት፣ ጋብቻ፣ ኀዘን። ለሕጉ ክፍል የሰጠው ስም ሹልሐን ሃኦሪት፣ የኦሪት ማዕድ፣ ነው።